የጋራ ግድግዳ

ሌሊቱን በዘብነት ፋብሪካ ደጅ አድሬ፣
ካፖርቴ ላይ ውርጩን እንደ ጨው ቋጥሬ፣
ጠባሴ ስደርስ ፀሐይ ሳትሞቅ ገና፣
እጎረቤቴ በር መኪና በመኪና።
ለቅሶ መሰለኝ። ቆቤን አወለቅሁኝ፣
«ማን አረፈ?» ብዬ አንድ ልጅ ጠየቅሁኝ።
«ማንም አልሞተ ጋሼ፣ ቤት ነው የከፈቱ፣
ሥራቸውን ሊያሳዩ ባልና ሚስቱ።»
ካጥሩ ቆርቆሮ ላይ ካርቶን ተለጥፎ፣
«ግቡ፤ ውሻ የለም» በከሰል ተጽፎ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሳውቃቸው እኔ፣
በጆሮዬ ነበር፣ አልነበረም በዓይኔ።
የሱ መወርወሪያ ጧ! ቀጭ! እያለ፣
ከጭቃው ግድግዳ ትራሴ ሥር ዋለ።
እሷም አፈር ስትወቅጥ በዘነዘና፣
እንቅልፌም አብሮት ይደቃል ደህና።
ቀን ለሚተኛ ሰው ማን ያዝንለታል?
በዱላዬ ጫፍ ግድግዳው ይመታል።
ዷ ዷ አደርጋለሁ፤ ዝም ይላሉ ወዲያው፤
ከትንሽ ቆይታ ድምፁ ያው ነው ያው።
አምና ጥቅምት ላይ ግን ድምፁ ቀጠነብኝ፤
«እርጅና ነው» አልኩኝ «ጆሮ ደከመብኝ።»

ገባሁ ከሰዉ ጋር እንደ ሩቅ እንግዳ፣
ማን መሆኔን ሳልል፣ ያ ባለ ግድግዳ።
አልጋው ለዛሬ ቀን በቁሙ ተደግፏል፣
ከሥሩ የነበረ የልጅ ጫማ ተርፏል።
አንድ ክፍል ነው ሁሉም፣ መኝታም መሥሪያም እሱ፤
እንግዶች በየተራ ነው የሚተነፍሱ።
አንዱ «ስንት ይፈጃል?» አንዷ «ይሰበራል?»
ሌላው ፎቶ ሲያነሳ ድሩ ውስጥ ይታሰራል።
«ይሰበራላ!» አለች ሳቀች እታፈራሁ፣
እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ፣
«ባይሰበርማ ኖሮ ምን ልሠራ እኖራለሁ?»

ልሳነወርቅ ዝም ብሎ እግሩ መርገጫው ላይ፣
በመንዝ በግ ጠጉር ሲያወጣ የጉም ሰማይ።
ቃል ያላት ሚስቱ ናት፣ እሱ ክር ነው ያለው፤
ስትጠራው «ኧ?» ብሎ እግሩን ነው የሚያቆመው።
እሷ በገንቦ አንገት የሱን ጥለት ጭራ፣
እሱም ባናው መሀል የሷን ስንጥቅ ሠራ፤
ሲነድ የፈነዳ፣ እቶን የባከነ፣
ከሱ ድር ላይ ገብቶ መልክ አገኘ፣ ዳነ።

ከአዲስ አበባ የመጣች ባለ መነጽር ሴት
ቀና ብላ ቀረች ከአንድ ባና ፊት።
ግድግዳውን ሙሉ ከጣራ እስከ ወለል፣
የጣርማ በርን ጉም ገደል ሥር ይመስል።
«ስንት ነው?» አለችው። ዝም አለ። «አይሸጥም።»
«እጥፍ ልክፈል» አለች። «የለም እመቤቴ፣ የለም።»
ባል ሚስቱን ቢያያት፣ እጇን ጠረገችና፣
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምስጢር ገና፦
«ከዚህ ግድግዳ ማዶ አንድ ሰውዬ አለ፣
ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ቀን ላይ ጋደም ያለ።
መልኩን ብዙም አናውቅ፣ ዱላውን ነው 'ምናውቀው፤
ከኛ ሁካታ እሱን ባናው ነው 'ሚጠብቀው።»

እኔን! የብርድ ልብስ ዘበኛውን እኔን!
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በጭነት በጭነት
ስንቱን ብርድ ልብስ ቆጥሬ አስወጣሁ፤
በቁሙ የሚያለብስ ዛሬ ገና አየሁ።

መናገር አቃተኝ። ዱላዬን ደበቅሁት፣
ጎኑ የጎበጠ አንድ ገንቦ ገዛሁት።
«ሩቅ ነው ሰፈርዎ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣
«ቅርብ ነው» አልኳት፤ ሌላ ቃል አነቀኝ።

ሲመሻሽ መኪናው ሄደ፣ በሩ ተዘጋጋ፣
ጀመረ ያ ድምፅ፣ ጋደም ስል ካልጋ።
ዱላዬን አነሳሁ። ዷ! አልኩኝ አንድ ጊዜ።
ዝም አሉ።
ያ ዝምታ፣ ሰባት ዓመት ያሸነፍኩበት፣
ዛሬ ግን ከበደኝ።
ከጭቃው ላይ አፌን አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ፣
«ቀጥሉ» አልኳቸው።
ባናው ውጦት ይሁን፣ ወይ ሰምተውት፣ እንጃ።
ገንቦዬ መስኮት ላይ፣ ጨለማው ሲሞላው፣
ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣
ጧ።
ከዚያ ቀጭ።